የፈረስ ውርርድን ለማቆም፦ የትኛው መዝጊያ ለየትኛው በር?

ብሪታንያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከፈረስ ውርርድ የሚወጣበት መንገድ ሞልቷል። አፑ ላይ ገደብ ማድረግ አለ፣ አካውንትን ለጥቂት ሳምንት ማስተኛት አለ፣ ራስን ከኦንላይን ውርርድ ሁሉ የሚያግዱበት ጋምስቶፕ የሚባል መዝገብ አለ፣ የባንክ እገዳ አለ፣ ቤቲንግ ቤቶች እንዳያስገቡን መመዝገብ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ክሊኒክ አለ። አብዛኞቻችን ግን መጀመሪያ የምንይዘው በጣም ቀላሉን ነው። ለመዝጋት የቀለለ ደግሞ ለመክፈትም ይቀልላል። እኔ ሁለት ዓመት ያባከንኩት እዚያ ላይ ነው።

ለስድስት ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ በፈረስ ስወራረድ ኖሬያለሁ፤ ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ዛሬም ስልኩን ይዞ "ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ፎርም አብረን እንሙላት" ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ ደጋግሜ የምነግራቸውን ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ መዝጊያ ከመምረጣችሁ በፊት ገንዘባችሁ በየትኛው በር እንደሚወጣ ለዩ። ከዚያ ለዚያ በር ከሚሆኑት መዝጊያዎች መካከል ለመክፈት ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ምረጡ።

"ፈረስ አውቃለሁ"

ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር። ንጉሥ እንኳ በፈረሱ ስም፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ በሚጠራበት አገር ተወልዶ ፈረስ የማይወድ ማን አለ? ለንደን መጥቼ መጀመሪያ ቤቲንግ ቤት የገባሁ ቀን ለራሴ ያልኩት "ይኼ ቁማር አይደለም፤ እኔ ፈረስ አውቃለሁ" ነው። ይህች አንዲት አባባል ከሁሉም በላይ አስከፍላኛለች።

የፈረስ ውርርድ ከሎተሪ የሚለየው የሚጠና ነገር ስላለው ነው። ከፈረሱ ስም ጎን ያለፉት ሩጫዎቹ ውጤት በቁጥርና በፊደል ይሰፍራል፤ ስንተኛ እንደወጣ ቁጥሩ ይናገራል፣ ፒ ካለ ጋላቢው መሐል ላይ አቁሞታል፣ ኤፍ ካለ ወድቋል። የመሬቱ ርጥበት አለ፣ አሰልጣኙ አለ፣ ጋላቢው አለ፣ የሚሸከመው ክብደት አለ። ይህን ሲያጠና ያመሸ ሰው ሥራ ሲሠራ ያመሸ ይመስለዋል። ገንዘቡ ሲበላ ደግሞ "ዕድሌ ነው" አይልም፤ "ለጥቂት ሳትኩ" ይላል። ለጥቂት የሳተ ሰው ነገም ይሞክራል።

ጥናቱ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ሃንዲካፕ የሚባለው ሩጫ የተዘጋጀው በፈረሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥፋት ነው። ጎበዙ ብዙ ክብደት ይጫንበታል፣ ደካማው ይቀልለታል፣ ሐሳቡም ሁሉም እኩል ዕድል ይዘው እንዲነሡ ነው። በዚያ ላይ ኦዱ፣ ማለትም ላሸነፈ ስንት እንደሚከፈል የሚነግረው ቁጥር፣ ራሱ የአወራራጁን ድርሻ በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። አራት ፈረስ ብቻ የሚሮጥበትን ውድድር አስቡ፤ ሁለቱ 2 ለ1 (አንድ ፓውንድ አስይዞ ያሸነፈ የራሱ ተመልሶለት ሁለት ያተርፋል)፣ ሦስተኛው 3 ለ1፣ አራተኛው 5 ለ1 ቢሆኑ፣ ማንም ያሸንፍ ማን 100 ፓውንድ እንዲመለስላችሁ በአራቱም ላይ በድምሩ 108 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ማስያዝ አለባችሁ። ስምንቷ ፓውንድ የቤቱ ናት፤ ከሩጫ ሩጫ መልኳ ይለያይ እንጂ አትቀርም። ይህን ሁሉ አልፎ በእውነት የሚያሸንፍ ሰው ቢገኝ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች አካውንቱን ያጠብቡበታል፤ ማስያዝ የሚችለው ገንዘብ ጥቂት ፓውንድ ይሆናል። እኔ ይህንን ያወቅሁት ካቆምኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅ አቆም ነበር ብዬ ግን አልዋሽም።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። ብሪታንያ ውስጥ 59 የፈረስ መሮጫ ሜዳዎች አሉ። በተራው ቀን እንኳ ከሰዓት በኋላ ሦስት አራት ቦታ ይሮጣል፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል። በመሐል የውሻ ውድድር አለ፤ ውሻው ሲያልቅ ኮምፒውተር የሠራው ፈረስ አለ። ማታ ዎልቨርሃምፕተን በመብራት ይሮጣል። "የተበላሁትን ላስመልስና እሄዳለሁ" ለሚል ሰው ቀጣዩ ፈረስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚሆነው መዝጊያ በዚያች ደቂቃ ሊነሣ የማይችል መሆን አለበት።

ማሳነስ ወይስ ማቆም

ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ድርጅቶች በሙሉ ወደ አካውንታችሁ የምታስገቡትን ገንዘብ እንድትገድቡ ይፈቅዳሉ። ገደቡን ስትቀንሱ ወዲያው ይሠራል፤ ለመጨመር ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ያስጠብቃል። እረፍት መውሰድም አለ፤ ከ24 ሰዓት ጀምሮ ሳምንት፣ ወር፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አካውንቱን መቆለፍ ትችላላችሁ።

ይህ የሚሆነው ለማን ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ፓውንድ አስይዞ ለሚያይና ሰሞኑን አሥር፣ ከዚያ ሃያ እየሆነች እንደሄደች ላስተዋለ ሰው ነው። ከማንም ያልደበቀ፣ ከማንም ያልተበደረ ከሆነ ገደቡ ይበቃው ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጊዜ ነቅተው በደህና ወጥተዋል።

የቤት ኪራይ ነክታችሁ ከሆነ፣ ለባለቤታችሁ ወይም ለእናታችሁ ስለ ገንዘብ ዋሽታችሁ ከሆነ፣ ወይም ከተበላችሁ በኋላ ተነሥቶ መሄድ የሚያቅታችሁ ከሆነ ግን ገደቡን እርሱት። ገደቡ የሚሠራው በአንዱ ድርጅት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ አንዱ አፕ ላይ በሳምንት 50 ፓውንድ ብዬ ገደብኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለአዲስ ደንበኛ ነፃ ውርርድ የሚሰጥ ሌላ አፕ ጫንኩ፤ እሱንም ገደብኩ። በዓመቱ አራት አፕ ነበረኝ፤ አንዱንም ገደብ አላፈረስኩም፣ ግን በወር ስምንት መቶ ፓውንድ ይወጣ ነበር። ገደብ ያለው ሰው ነኝ እያልኩ ደግሞ ከማንም ጋር አልመካከርም ነበር። ጉዳቱ ይኼኛው ይመስለኛል።

በስልክ ለሚወራረድ

አንድን ድርጅት ብቻውን "እኔን አግዱኝ" ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ለስድስት ወር ይዘጉባችኋል። አንድ አካውንት ብቻ ላለው ሰው ከምንም ይሻላል። ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት እያለ ምን ዋጋ አለው? ከዚህ ይልቅ ጋምስቶፕን ውሰዱ። ጋምስቶፕ በአንድ ምዝገባ የብሪታንያ ፈቃድ ያላቸውን የኦንላይን ድርጅቶች በሙሉ ይዘጋል። ሥራ የጀመረው በ2018 ሲሆን ከ2020 ማርች መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም እንዲገቡበት ተገደዋል። ነፃ ነው። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት ትመርጣላችሁ። የመረጣችሁት ጊዜ ሳያልቅ አልቅሳችሁም ብትለምኑ አይነሣም። ጊዜው ካለቀም በኋላ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ካላስነሣችሁ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ስትጠይቁም አንድ ቀን ያስጠብቃችኋል።

ስንት ዓመት ልምረጥ ለሚለኝ ሰው ሁሌም አምስት እላለሁ። ስድስት ወር የሚመርጥ ሰው ልቡ መመለሻውን እየቆጠረ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር መርጬ ነበር፤ በሰባተኛው ወር ሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስቱን ወር ያጠራቀምኩትን በላሁት።

አሁን ለእኛ ሰው ለብቻው የምነግረው ነገር አለ። ጋምስቶፕ ሰውን የሚለየው በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በኢሜይልና በአድራሻ ነው። የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በየወረቀቱ ይለያያል። አንዱ ጋ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል፣ ሌላው ጋ የአያት። የትውልድ ቀናችን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር የተምታታብን ብዙ ነን። ስለዚህ ስትመዘገቡ ፓስፖርታችሁን ሳይሆን የውርርድ አካውንቶቻችሁን ከፍታችሁ እዚያ የገባውን ስምና ቀን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ያላችሁን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ሁሉ አስገቡ። ቤት ስትቀይሩ፣ ለንደን ውስጥ በየዓመቱ የምንቀይር አለን፣ አድራሻውን አድሱ። አንድ ያወቅሁት ወንድም ተመዝግቦ ሳለ በቀድሞ አድራሻውና በሌላ የስም አጻጻፍ የከፈተው አካውንት እየሠራ አገኘው፤ እንዲዘጋለት አምላኩን ይለምን የነበረው በር በአንድ ፊደል ልዩነት ክፍት ሆኖ ቀረ።

ጋምስቶፕ የማይደርስባቸው አሉ። ፈቃድ የሌላቸው፣ ከውጭ አገር የሚሠሩ ድረ ገጾች ከእሱ ውጭ ናቸው፤ እንዲያውም "ጋምስቶፕ ውስጥ የሌለን" ብለው የሚያስተዋውቁ አሉ። ያ ማስታወቂያ የሚፈልገው እናንተን ነው፤ ለማቆም እየታገለ ያለ ሰው ብቻ ነውና እንዲህ ብሎ የሚፈልግ። እነሱ ዘንድ ብታሸንፉ እንኳ ገንዘባችሁን የሚያስከፍልላችሁ ተቆጣጣሪ የለም። ለዚህ የሚሆነው ስልኩ ላይ የሚጫን ማገጃ ነው። ጋምባንና ቤትብሎከር የታወቁ ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የቁማር ድረ ገጾችና አፖች እንዳይከፈቱ ያደርጋሉ። ቤትብሎከር ለሁሉም ነፃ ነው፤ ጋምባንን ደግሞ ጋምኬር በሚባለው የእርዳታ ድርጅት በኩል የብሪታንያ ነዋሪ በነፃ ያገኘዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ ብዙ አትጨነቁበት። ዋናው በእጃችሁ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይ መጫኑ ነው፤ ካልሆነ ግን የልጃችሁ ታብሌት በር ሆኖ ይቀራል።

ጋምስቶፕና ማገጃ አንዱን ትታችሁ ሌላውን የምትመርጡባቸው ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናል። አንዱን ብቻ ለማድረግ ጉልበት ካላችሁ ግን ጋምስቶፕን አስቀድሙ።

በእግሩ ለሚሄድ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ የእኔ ዋናው በር ይኼ ነበርና፤ ከአገራችን ሰዎች መካከልም ስልኩ ላይ አንድ አፕ ሳይጭን ደመወዙን በቤቲንግ ቤት የጨረሰ ብዙ ነው።

ከሥራ የምወጣው አሥር ሰዓት ከሰዓት ላይ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ፊት ለፊት አንዱ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሌላው አለ። ውስጡ ይሞቃል። ማንም ምን ፈልገህ ነው አይልም። ግድግዳው ላይ የቀኑ ሩጫዎች ተለጥፈዋል፣ ከላይ ስክሪኖቹ ይበራሉ፣ ከመደርደሪያው ላይ አጭሯን እስክርቢቶና ወረቀቷን ታነሣለህ፣ የፈረሱን ስምና የሚሮጥበትን ሰዓት ትጽፋለህ፣ ለሠራተኛዋ ትሰጣለህ። እስክርቢቶዋ ኪሴ ውስጥ ገብታ ስንት ጊዜ ቤት ድረስ እንደመጣች! ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ሰባት እስክርቢቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። ምንም አላለችም። ያን ቀን ዋሸኋት፤ የመሥሪያ ቤት ነው አልኳት።

ለቤቲንግ ቤት ጋምስቶፕ አይሠራም። ለዚያ ሞሰስ የሚባል የቤቲንግ ቤቶች የጋራ መዝገብ አለ። ትደውላላችሁ ወይም ፎርም ትሞላላችሁ፣ ፎቶ ትሰጣላችሁ፣ እንዳያስገቧችሁ የምትፈልጓቸውን ቤቶች ትመርጣላችሁ፤ ምዝገባው ለአንድ ዓመት ነው። ከአንዱ ቤት ጋር ብቻ በር ላይ ከመነጋገር ይህ ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ የሰፈሩን፣ የመሥሪያ ቤቱን አካባቢና የምታልፉበትን መንገድ ሁሉ ያካትታል።

ድካሙንም ልንገራችሁ። ይህ እገዳ የሚሠራው ሰው ፊታችሁን ካወቀ ነው። ኮምፒውተር አይደለም የሚያግዳችሁ፤ ብቻዋን የቆመች፣ ሂሳብ የምትይዝ፣ ሰካራም የምታስወጣ ሠራተኛ ናት። እኔ በተመዘገብኩ በሦስተኛው ወር አንዱ ቤት ገብቼ ወረቀት ሞልቼ ሰጠሁ፤ ተቀበሉኝ። ሠላሳ ፓውንድ ተበልቼ ወጣሁ፤ ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ "እኔን እንኳ አላዩኝም" የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ነው የረዳኝ፦ የመረጥኳቸውን ቤቶች ዝርዝር ይዤ፣ አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ሆኖ፣ ጠዋት ሰው በሌለበት ሰዓት በየቤቱ በር ላይ ቆሜ "እኔ ዝርዝራችሁ ውስጥ አለሁ፤ ፊቴን እዩኝ፤ ብመጣ አታስገቡኝ" አልኩ። ያሳፍራል። አንዷ ሠራተኛ ግን ከጠረጴዛዋ ወጥታ እጄን ጨበጠችኝ።

ከአውቶቡስም አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረድ ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር ይጨምራል፤ ሁለቱን ቤቶች አያሳልፍም። ይህ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ ለእኔ ግን ከፎርሙ ይልቅ ሠርቷል።

ሩጫ ሜዳው ድረስ ለሚሄድ ሰው ሞሰስም ጋምስቶፕም አይጠቅሙትም። እዚያ ሰሌዳቸውን ተክለው የሚያወራርዱት አወራራጆች ከሁለቱም ውጭ ናቸው። "ሳልወራረድ ፈረሶቹን ብቻ ላይ" የሚለውንም ሞክሬዋለሁ። ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት አትሞክሩት። ከሜዳው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ጋዜጣውና ውጤት መከታተሉ ነው፤ ጥናቱ እስካልቆመ ድረስ ውርርዱ ቆመ አይባልም።

ገንዘቡን ራሱን መዝጋት

በሩ ብዙ ቢሆንም ውሃው የሚመጣው ከአንድ ቧንቧ ነው። የብሪታንያ ታላላቅ ባንኮችና የስልክ ባንኮች አብዛኞቹ የቁማር ክፍያን የሚያግድ ማብሪያ ማጥፊያ አፓቸው ላይ አላቸው። ሞንዞና ስታርሊንግ በ2018 ጀመሩት፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ካርዱ ለአወራራጅ ድርጅት ሊከፍል ሲል ባንኩ በክፍያው መለያ ቁጥር ያውቀውና ይመልሰዋል። ኦንላይንም ቢሆን ቤቲንግ ቤት ውስጥም ቢሆን ያግዳል፤ ይህ ነው ከጋምስቶፕም ከሞሰስም የሚለየው። ማገዱ ቅጽበት ነው፤ ማንሣቱ ግን እንደየባንኩ 48 ወይም 72 ሰዓት ያስጠብቃል። ባንካችሁ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ጠይቁና አጭር ከሆነ ደመወዛችሁ የሚገባበትን ባንክ ለመቀየር አስቡ። በክሬዲት ካርድ መወራረድ ከ2020 ኤፕሪል 14 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እሱ አያሳስብም፤ ኦቨርድራፍት (ከሂሳባችሁ በላይ እንድታወጡ ባንኩ የሚሰጠው ብድር) ግን አልተከለከለም፤ ደውላችሁ አስነሡት።

ባንኩ የማይዘጋው ጥሬ ገንዘቡን ነው። ከማሽን ያወጣችሁት ሃምሳ ፓውንድ የት እንደሚገባ አያውቅም። ስለዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው የባንክ እገዳ ብቻ አድርጎ "ተገላገልኩ" ቢል ራሱን ያታልላል። ለእሱ የሚሻለው ደመወዙ ለሚያምነው ሰው እንዲገባ ማድረግ ነው። እኔ ከባለቤቴ ጋር ለአንድ ዓመት ተስማማን፤ ደመወዜ ወደ እሷ፣ ለእኔ በሳምንት ለትራንስፖርትና ለምሳ በካርድ፣ ጥሬ ገንዘብ የለም። ጊዜ መወሰኑ ጠቀመን፤ "እስከ መቼ እንደ ልጅ ትይዢኛለሽ" የሚል ጠብ አልተነሣም፤ ቢነሣም የሚታይ ቀን ነበረው። ባልና ሚስት መካከል ቀድሞም መተማመን ከሌለ ወይም አንዱ ሌላውን የሚያስፈራራ ከሆነ ግን ይህን አልመክርም፤ ወንድም ወይም እኅት ይሻላል።

ስለ ዕቁብ ሳልናገር ባልፍ ጎደሎ ይሆናል። ዕቁብ ለተወራራጅ ሁለት መልክ አለው። ደመወዝ በገባ ማግሥት ሁለት መቶ ፓውንድ ከእጃችሁ ይወጣልና ያ ገንዘብ ለፈረስ አይደርስም፤ ይህ መልካም ነው። ዕጣው ሲወጣላችሁ ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ በጥሬው ይመጣል። የእኔ ሲወጣ 3,600 ፓውንድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ለዕቁባችን ዳኛ፣ ለአንድ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው፣ እውነቱን የነገርኩት። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዕጣዬ ሲወጣ ለባለቤቴ ስጡልኝ" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና "ቤትህ ይግባ እንጂ ልጄ፣ በማን እጅ ቢገባ ምን ቸገረን" አሉ። ለማንም አልተናገሩም። ከዕቁብ ውጡ አልላችሁም፤ ተቀባዩን ቀይሩ ነው የምለው።

ከማን ጋር መነጋገር

መዝጊያ ሁሉ ጊዜ ይገዛል። በተገዛው ጊዜ ውስጥ ከሰው ጋር ካልተነጋገራችሁ ግን መዝጊያው የሚያልቅበትን ቀን እየጠበቃችሁ ነው።

ፈጣኑ የብሔራዊ ቁማር የእርዳታ መስመር ነው፤ 0808 8020 133፣ ነፃ፣ ቀንም ሌሊትም። ስም አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በአፉ ለሚያወጣ ሰው ይህ ይሻለዋል፤ የሚያውቃችሁ የለምና። ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ይህን ጽሑፍ አቋርጡና 116 123 ሳማሪታንስ ደውሉ፤ አደጋው የቀረበ ከሆነ 999። የቁማር ዕዳ ሰውን እዚያ ድረስ ያደርሳል፤ የደረሰበትን አውቃለሁ፤ ዕዳው ግን ይከፈላል።

ጋምብለርስ አኖኒመስ በ1957 ሎስ አንጀለስ የተጀመረ ነው፤ ብሪታንያ የገባው በ1964 ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስቦ መነጋገር ነው፤ አይከፈልበትም፣ የሚጠራው ስማችሁ ብቻ ነው። አቋማቸው ጥብቅ ነው፤ ሎተሪ እንኳ አይቆረጥም። ብቸኝነት ላደከመውና ከመሰሎቹ ጋር መሆን ለሚፈልግ ይስማማዋል። እንግሊዝኛው ለከበደው ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይፈትናሉ። እኔ አራት ሳምንት ሳልናገር ተቀምጬ ሰማሁ፤ በአምስተኛው አንድ የስልሳ ዓመት እንግሊዛዊ "እኔ ፈረስ አውቃለሁ እል ነበር" ሲል ሳልዘጋጅ አፌን ከፈትኩ። ለቤተሰብ ደግሞ ጋምአኖን የሚባል ራሱን የቻለ ስብሰባ አለ።

የኤንኤችኤስ፣ የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ ክሊኒኮች ሦስተኛው መንገድ ናቸው። የመጀመሪያው ለንደን ውስጥ በ2008 ተከፈተ፤ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ 15 አሉ። በሐኪም መላክ አያስፈልግም፤ ራሳችሁ ትደውላላችሁ። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይሰጣሉ፤ በጃንዋሪ 2025 የወጣው የአገሪቱ የሕክምና መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ለአንዳንዱ ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል። ከውርርዱ ጋር መጠጥ፣ ጭንቀት ወይም የቆየ የልብ ስብራት ላለበት፣ ስደት ላይ ያ የሌለበት ጥቂት ነው፣ ከስብሰባ ይልቅ ክሊኒክ እመርጥለታለሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ያቀርባሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

የንስሐ አባትስ? ሂዱ፤ እኔም ሄጃለሁ፤ ልቤን አሳርፎልኛል። ጋምስቶፕን ግን አይተካም። የእኔ የንስሐ አባት ራሳቸው "ጸልይ፤ ስልክህንም ዝጋ" ብለውኛል።

ዕዳ ካለ

ዕዳውን በውርርድ እከፍላለሁ የሚለው ሐሳብ እስኪጠፋ ድረስ ምንም አይጸናም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል የ60 ቀን ፋታ አለ፤ ስቴፕቼንጅን የመሰለ ነፃ የዕዳ አማካሪ ሲያመለክትላችሁ በአብዛኛው ዕዳ ላይ ወለድና ማስገደድ ይቆማል። ከዘመድ ተበድሮ ሁሉንም በአንድ ቀን ከመክፈል ይህ ይሻላል። ዕዳው በአንዴ የተከፈለለት ተወራራጅ አዲስ የመበደሪያ ቦታ ተከፈተለት ማለት ነው። ዘመዶችም ይህን ስሙ፤ መርዳት ከፈለጋችሁ ገንዘቡን ለአከራዩ ወይም ለመብራቱ በቀጥታ ክፈሉ።

ለዛሬ ማታ

በስልክ ብቻ የምትወራረዱ ከሆነ ዛሬ ማታ አካውንታችሁ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ ጋምስቶፕን ለአምስት ዓመት ሙሉ፣ ባንኩን አግዱ፤ ሦስቱም አብረው ከአንድ ሰዓት አይበልጡም። በእግር የምትሄዱ ከሆነ የምትጀምሩት ከደመወዙና ከጥሬ ገንዘቡ ነው፤ ሞሰስ ነገ ጠዋት ይደርሳል። በሁለቱም የምትወራረዱ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ ደመወዙን መጀመሪያ አዙሩ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው የትኛውም በር ላይ ቢቆም አይገባም።

ዛሬ ማታ ካልሆነላችሁ ከተበላችሁበት ቀን ማግሥት ጠዋት ብታደርጉት ጥሩ ነው። በተበላችሁበት ሰዓት ማስመለስን እንጂ መዝጋትን አታስቡም፤ ባሸነፋችሁ ማታ ደግሞ ማን ይዘጋል?

ሁለት ሰሞን አስቀድማችሁ አስቡበት። የቼልተንሃም የፈረስ ውድድር በማርች ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን፣ 28 ሩጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። እኔ በእነዚያ አራት ቀናት የከሰዓት ፈረቃ ጠይቄ እሠራለሁ፤ ሥራ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን እውላለሁ፤ ስልኬ ቤት ይቀራል። በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ኤይንትሪ ላይ ግራንድ ናሽናል ይሮጣል፤ ያን ሳምንት በዓመት አንዴ እንኳ የማይወራረድ ሰው ሁሉ ስለ ፈረስ ያወራል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የፈረሶቹ ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱ ሁለት ፓውንድ አውጥቶ አንድ ወረቀት ያነሣል። ለጨዋታ ነው፤ ክፋት የለውም። ባርኔጣው እኔ ጋ ሲደርስ "እኔ አልገባም፤ ያመኛል" እላለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለምን ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ባርኔጣውን የያዘችው ልጅ እኔን አልፋ ለሚቀጥለው ትሰጣለች።